ያልተቀባው ጎን

ባለፈው ሳምንት የተለየኋችሁ ሰውዬውን ከነማስመሪያው ደጃፋችን ላይ አቁሜ ነበር። አሁንም እዚያው ቆሟል። ታሪኩን ከመሀል ለሚጀምሩት ስል ግን ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ትዕግሥት ስለሌለኝ አሳጥረዋለሁ።

እኔ ጸጉር ሠሪ ነኝ። ሦስት ወንበር፣ ሁለት የጸጉር ማድረቂያ ካስክና ከመጋረጃ ኋላ አንድ መታጠቢያ ባለው ቤት ከእናቴ ጋር እሠራለሁ። እናቴ የምትታወቀው በዘይቷ ነው። የጉሎ ዘይትና የኮኮናት ዘይት ቀላቅላ፣ ሮዝመሪ ነክራበት፣ መስኮቱ ላይ ሦስት ሳምንት ፀሐይ ታስመታዋለች። ከዚያ በነጭ ጨርቅ አጥልላ በጠርሙስ ትሞላዋለች። እያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ በእጇ የጻፈችው ወረቀት አለ፦ "ጸጉር ያበቅላል" ይላል።

እሱ የቆዳ ሐኪም ነው። አባቱም ሐኪም ነበሩ፣ አያቱም እንደዚሁ። እናቱ እኛን የሚጠሩን "ዘይት ቀቢዎቹ" እያሉ ነው። የዛሬ ዓመት አንዲት ደንበኛችን ራሷን አሳክኳት ወደ እሱ ሄደችና የእኛን ቤት ጠራችለት። ሊቆጣን መጣ። በሳምንቱም ሊቆጣ መጣ። በሦስተኛው ሳምንት የመጣበትን ረስቶት ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አናቱ ላይ ጸጉሩ ሳስቶ ስለነበር ኮፍያ አያወልቅም፤ ደንበኞቻችን "የጸጉር ሐኪም ተብሎ ጸጉር የሌለው!" እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱም አብሮ ይስቃል። አንድ ቀን "ና ልቀባህ" ስለው "እንደማይሠራ እያሰብኩ ብቀባ መዋሸት ነው" አለኝ። ቅር አለኝ፤ አልደብቃችሁም።

እናቴ "ያበቅላል!" ትላለች፣ እሱ "ማን ለካው?" ይላል። መሀል ቆሜ ስሰማቸው ሰለቸኝና "በቃ እንለካዋ!" አልኩ። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። አሥራ ሁለት ሴቶች ፈቀዱ። ለስድስት ወር፣ በሳምንት ሁለቴ፣ እናቴ ቀኝ ጎናቸውን በዘይት፣ ግራ ጎናቸውን በባዶ እጅ ታሻለች። የመለኪያውን ዘዴ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከየጆሮው ጀርባ ከጸጉሩ ትንሽ ዘለላ ይዤ እስከ ሥሩ ድረስ ወርቃማ ቀለም ቀባሁት። ከዚያ ወዲያ ከቆዳው እስከ ወርቃማው የሚታየው ጥቁር፣ እሱ ነው አዲስ የበቀለው። ዶክተር ይህን ስነግረው ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ማስመሪያዬ" ብሎ ነው የሚጠራኝ።

"ጥናቱ እስኪያልቅ ስለ እኛ ለማንም አንናገርም" አለኝ። "የምወዳትን ሴት ዘይት እኔው ብለካ ማን ያምነኛል?" የምወዳት መባሌን የሰማሁት እንዲህ ነው፣ በሥራ ወሬ መሀል፣ እንደ ቀላል ነገር። እሱ ወሬውን ቀጠለ፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ያለውን አንዱንም አልሰማሁትም።

አሥራ ሁለተኛዋ ሴት እናቱ ነበሩ። ጉዳችንን በዓይናቸው ሊያዩ መጡ መሰለኝ፤ እሱ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ካየሁት ፎቶ ወዲያው አወቅኋቸው። ሻሻቸውን ሲፈቱ ያየሁትን ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ። ለዓመታት ጥብቅ አድርገው ሲያስሩት የኖሩት ጸጉር ከግንባራቸውና ከአናታቸው ተመልጦ ቆዳው ይታይ ነበር። ልጃቸው አይቶት አያውቅም። ለእሱ "ቁጥር አሥራ ሁለት ወንድ እንዲያያቸው አይፈልጉም" አልኩት፤ እሺ አለ። ብቻዬን ለካኋቸው።

አርብ ከሰዓት የመጨረሻዋን ለክተን ጨረስን። ቀኝ ሰባት ሴንቲ ሜትር፣ ግራ ሰባት ሴንቲ ሜትር። ከአሥራ ሁለቱ አንዷ እንኳ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበራትም።

"እናትሽ ይከፋቸዋል" አለኝ ደጃፉ ላይ።

"አንተስ?"

"ባሸንፍ ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር።" ማስመሪያውን ኪሱ ከተተ፣ አወጣው፣ መልሶ ከተተው። "ሰኞ ጠዋት ለሐኪሞቹ አነበዋለሁ። ከሰዓት እናቴን ይዤ እመጣለሁ። ለዘይት አይደለም።"

"ለምን ታዲያ?"

"አታውቂም?"

"አውቃለሁ። አንተ ስትለው ልስማ ብዬ ነው።"

አልተናገረውም። ብቻ ቀና ብሎ አየኝ፣ ሲለካ እንደሚያይ አድርጎ፣ አንዲት ነጥብ እንዳታመልጠው ብሎ። ሰኞ እስኪደርስ እንዴት አድርጌ እንደምቆይ ጨነቀኝ፤ ጭንቀቱ ግን ጣፋጭ ነበር።

*

ቅዳሜ ከሰዓት ደንበኛ ሲቀል ከመታጠቢያው ሥር ያለውን ቁም ሳጥን ላጸዳ ከፈትኩት። ባዶ ጠርሙሶች ነበሩ። ለጥናቱ የለየነው ሃያ አራት ነበር፣ በእያንዳንዱ ላይ ምልክት ያደረግሁት እኔ ነኝ። ስቆጥር ሃያ አራቱን አለፍኩ። ምልክት የሌላቸው ሌሎች ሃያ አራት ከኋላ ተደርድረዋል።

"እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ጠርሙስ የምንድን ነው?"

እናቴ ፎጣ እያጠፈች ነበር። አላቆመችም፤ ግን ያንኑ አንድ ፎጣ ሦስቴ አጠፈችው።

"የጥናቱ ነው።"

"የጥናቱማ ሃያ አራት ነው።"

"የቀኙ ሃያ አራት ነው" አለች።

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እናቴ ዘይት የምትቀባው ከመጋረጃው ኋላ ነው፤ እኔ ሁልጊዜ ከፊት ደንበኛ ላይ ነኝ። ለልኬት ሲመጡ ደግሞ ሁሉም ጸጉራቸውን ታጥበው ነው የሚመጡት።

"ግራውንም ቀባሽው?"

"እና ምን ላድርግ? ሰውን ያህል ነገር ግማሽ ራሱን አሳምሬ ግማሹን እንደደረቀ ልሸኘው?" ፎጣውን ጣለችው። "ከአሥራ ሁለቱ ያቺ አስተማሪዋ፣ መጀመሪያ ቀን ከወንበሩ ስትነሳ መስታወት ውስጥ ግራዋን ዳሰሰች። ምንም አላለችም። እኔ ግን ዓይኗን አየሁት። ከዚህ ቤት ሰው ቅር ብሎት ወጥቶ አያውቅም፣ ታውቂያለሽ።"

"ነግሬሽ ነበር እኮ! ግራው ባዶ ካልሆነ ልኬቱ ምን ያደርጋል?"

"ዘይቱ እንደሚሠራ ስለማውቅ ነው እኮ! የማላምንበት ቢሆን ኖሮ ግራውን እተወው ነበር። የሚጠቅም ነገር በእጄ ይዤ ለምን ብዬ ነው የምከለክለው?"

እናቴን ብታውቋት እንኳንስ ክርክሯን ዝምታዋን አትችሉትም።

"ሴቶቹስ? ዝም አሉ?"

"ለልጄ አትንገሩብኝ ብያቸው እሺ አሉ። ለባለ ሻሿ እመቤት ብቻ ምንም አላልኳቸው። ፈራኋቸው። ዝም ብዬ ቀባኋቸው።" አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። እጇ እንደ ሁልጊዜው ሮዝመሪ ሮዝመሪ ይላል። "ይጣላሻል እንዴ?"

ልቆጣት አስቤ ነበር። ግን ፊቷን ሳይ የፈራችው ከእኔ የባሰ መሆኑ ገባኝ፤ አንጀቴን በላችው።

*

እሑድ ጠዋት ቤቱ ዝግ ነው። እናቴ ካስኩን ስትወለውል ቆይታ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተናገረች።

"ዝም በይ። ምንም አትንገሪው። ነገ 'አይሠራም' ብሎ ያንብብ፤ እኔ በዚህ አልሞትም። ወረቀቱን ከጠርሙሱ እልጠዋለሁ። አንቺ ግን ይቺን ሰኞ ስትጠብቂ ስድስት ወር ሞላሽ።"

አርባ ዓመት የኖረችበትን ዘይት ነበር የምትሰጠኝ። ከዚያ በፊት ለእኔ ስትል ብዙ ነገር ትታለች፤ ይህን ያህል ግን ትታ አታውቅም። አለቀስኩ። እሷም አብራኝ አለቀሰች፤ ከዚያ "በይ ተነሽ፣ ያበጠ ዓይን ይዘሽ ነገ ሰው ፊት ልትቀርቢ ነው?" ብላ ተቆጣችኝ።

ቀኑን ሙሉ አሰብኩ። ዝም ብል እሱ ይመጣል። እናቱም ይመጣሉ። እኔም ደስ ይለኛል፣ ሰኞም ማክሰኞም። ረቡዕ ግን የሐኪም መጽሔት ላይ ሊያወጣው ሲሰናዳ አጠገቡ ቁጭ ብዬ "ቁጥሩን ደግሜ ላንብብልህ?" እለዋለሁ። ይህን ሳስበው እጄ ብዕር ፈለገ።

"ዶክተር፦

ከመግባትህ በፊት አንብበው። የግራው ጎንም ተቀብቷል፤ የሁሉም፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ። ያደረገችው እናቴ ናት፤ ክፋት አስባ አይደለም፣ ግማሽ ራስ መተው አላስቻላትም። ሰባትና ሰባት የሆነው ዘይቱ ስለማይሠራ ይሁን፣ ሁለቱም ስለተቀቡ ይሁን፣ አሁን አንተም እኔም አናውቅም። ዝም ልል ነበር። ግን የማታውቀውን ነገር ይዤ አጠገብህ መቀመጥ አልቻልኩም።

አትምጣ።"

ሰኞ ጠዋት ሆስፒታሉ ሄድኩ። ከአዳራሹ በር ውጭ ነጭ ጋውን በለበሱ ሰዎች መሀል ቆሞ ነበር። ለስብሰባው ብሎ ኮፍያውን አውልቆ አናቱ ያበራል፤ ሳየው ልቤ ተንሰፈሰፈ። ወረቀቱን ሰጠሁት። እዚያው ቆሞ አነበበው። እንደገና አነበበው። ከዚያ ከወረቀቱ በላይ ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ ላይ የማውቀው ነገር አልነበረም። አንድ ሰው "ዶክተር፣ ተራህ ነው" አለው። ገባ፣ በሩ ተዘጋ።

አልጠበቅሁትም። ምን ብዬ እጠብቃለሁ? መንገዱን ሙሉ ያ አስተያየቱ ተከተለኝ፤ ጥላቻ ነው ብዬ ደመደምኩ።

*

ሰኞ ከሰዓት አልመጣም። አትምጣ ያልኩት እኔው ራሴ ሆኜ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ጸጉር የምጠቀልልበት ቢጎዲን ከእጄ ይወድቃል። ማክሰኞ አልመጣም። ረቡዕም። እናቴ ደብዳቤውን ከሰማች ወዲህ አታናግረኝም፣ ዘይትም አታነሳም፤ መስኮቱ ላይ የነበሩትን ጠርሙሶች አውርዳ ጥግ አስቀመጠቻቸው። ደንበኞቻችን ነገሩ ገብቷቸው ቀልዳቸውን ቀነሱ።

ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተና የሱ እናት ገቡ። ሻሻቸው እንደ ወትሮው ጥብቅ ብሎ ታስሯል። ቀጥ ብለው ወደ መጋረጃው ሄዱ።

"ቀኔ ነው" አሉ።

"እመቤቴ፣ ጥናቱ አልቋል" አለች እናቴ።

"ጥናቱ አልቆ ይሆናል። ሐሙስ አላለቀም።"

እናቴ ወደ ኋላ ስታስገባቸው በሩ እንደገና ተከፈተ። እሱ ነበር። እናቱ ከመጋረጃው ኋላ መሆናቸውን አላወቀም፤ እኔን ብቻ ነበር የሚያየው። ከስቷል፣ ጢሙንም አልተላጨም።

"አትምጣ ብለሽ ጽፈሽልኛል" አለ። "ሦስት ቀን አልመጣሁም። ዛሬ አቃተኝ።"

"እኔ እኮ የጻፍኩት..."

"እኔ የተጻፈውን የማነብ ሰው ነኝ! ሌላ ነገር ከሆነ ሌላ መጻፍ ነበረብሽ።"

"እናትህን ይዘህ መጥተህ እናቴ እንዳታፍር ብዬ ነው! ለዚያች ለአንዲት ከሰዓት ብቻ!" ጮህኩ። "አንተስ በዚያ ዓይንህ እንደዚያ ያየኸኝ?"

"እንዴት አየሁሽ?"

"እንደጠላኸኝ።"

ግራ ገባው፣ ከልቡ። "እኔ እኮ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ይቺን ደብዳቤ ከመጻፍ መተው ይቀላት ነበር ብዬ ነው ያየሁሽ። ገብቼ ጥናቱ ተበላሽቷል አልኳቸው። ጥፋቱ የኔ ነው አልኳቸው። ሰው ሲቀባ ሳላይ የቀረሁት፣ የእናትሽን እጅ ሳላውቅ በወረቀት ብቻ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ሳቁብኝ። ግድ አልሰጠኝም። ግድ የሰጠኝ የመጨረሻዋ መስመር ናት።"

የማታውቀውን ነገር ይዤ አልቀመጥም ብዬ የጻፍኩለት እኔ፣ እዚያው ቆሜ እናቱ ከመጋረጃው ኋላ እንዳሉ እያወቅሁ ዝም ብያለሁ። ግን መጋረጃውን እሳቸው ራሳቸው ገለጡት።

"ልጄ።"

"እማ? አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ቁጥር አሥራ ሁለት እኔ ነኝ" አሉ። ሻሻቸውን ፈቱት። እኔ የማውቀውን እሱ ለመጀመሪያ ጊዜ አየ።

ዶክተር ወደ እናቱ ተጠጋ። ግንባራቸውን ዳሰሰ፣ አናታቸውን ዳሰሰ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ቀስ አድርጎ አዞራቸው።

"እዚህ ጋ አይመለስም፣ እማ" አለ። "ሥሩ ጠባሳ ሆኗል። ዘይትም ሆነ የኔ መድኃኒት አያበቅለውም። ጠርዙ ላይ ያለው ገና አልሞተም፤ ለእሱ መድኃኒት አለኝ። ሻሹን ግን ከእንግዲህ አታጥብቂው። ቀደም ብዬ አይቼው ቢሆን ኖሮ ብዙ ይተርፍ ነበር።"

ይህን ሲል መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ። ስድስት ወር ሙሉ ያንን ራስ እያየሁ፣ መሐላ ነው ብዬ ከሐኪም ደብቄያለሁ። "አውቅ ነበር" አልኩት። "አስምለውኝ ነው፤ ግን አውቅ ነበር።" አየኝ። ያ ጊዜ ለእኔ ሰኞ አዳራሹ በር ላይ ካየኝ ይልቅ ረጅም ነበር።

"እሷን ተዋት" አሉ እናቱ። "ካንተ የደበቅሁት እኔ ነኝ። ጸጉር ይበቅልልኛል ብዬ ነው የምመጣው መሰለህ? አላበድኩም፣ የሐኪም ሚስት ነበርኩ። አባትህ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ዘጠኝ ዓመት ይሄን ራስ ሰው ነክቶት አያውቅም። ግራዬንም እናቷ እንደምትቀባኝ በሦስተኛው ሳምንት አውቄያለሁ። ትራሴ በሁለቱም በኩል ዘይት ነክቶት አየሁት። ብነግርህ ታስቆመዋለህ ብዬ ዝም አልኩ።" ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው፣ "አንቺም እኮ ብትነግሪኝ አልቆጣም ነበር" አሏት።

አንቺ አሏት። ዘይት ቀቢ ያሏትን ሴት። እናቴ ይህን ስትሰማ ወንበሩን ጠርጋ አስቀመጠቻቸውና እጇን ትከሻቸው ላይ አሳረፈች። ከዚያ ጥግ የነበረውን አንድ ጠርሙስ አነሳች፣ "ጸጉር ያበቅላል" የሚለውን ወረቀት በጥፍሯ ፋቀችው።

"ለምን ይፋቃል?" አለ ዶክተር። "እንደማያበቅልም ገና አላወቅንም እኮ። አንድ ነገር ግን አይቻለሁ፤ የአስተማሪዋ ጸጉር ጫፉ መሰበሩን ትቷል። ከዘይቱ ይሁን ካስክ ስለተወች ይሁን አላውቅም። እንደገና እንጀምር። ስድስት ወር።"

"ስድስት ወር!" አልኩ፣ ሳላስበው።

"እስከዚያ ስለ እናንተ አይነገርም ማለት ነው?" አሉ እናቱ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የእናቴ ጣቶች አናታቸው ላይ ናቸው።

ዶክተር ጆሮው ድረስ ቀላ። "ስለ ምን?"

"ልጄ፣ ይሄንን ለማወቅ ማስመሪያ አላስፈለገኝም።"

"እወዳታለሁ" አለ ያን ጊዜ፣ ለእናቱ ሳይሆን ለእኔ፣ በሥራ ወሬ መሀል ሳይሆን ለብቻው። "ይሄኛውን ጥናት ሌላ ሰው ይለካዋል። እኔ ስድስት ወር ዝም ማለት አልችልም።"

እናቴ ከወንበሩ ኋላ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት። እኔ እንባዬን በፎጣ ጠረግሁ፤ ሦስቴ የታጠፈው ያው ፎጣ ነበር።

እሱ መጥቶ በፊተኛው ወንበር ተቀመጠ። መስታወቱ ውስጥ እያየኝ ኮፍያውን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

"ቀቢኝ" አለ።

"ላያበቅል ይችላል" አልኩት።

"አውቃለሁ።"

ከጠርሙሱ ትንሽ መዳፌ ላይ አፈሰስኩ፣ በእጆቼ መሀል አሞቅሁት። ያ ራስ ዓመት ሙሉ ያልተፈቀደልኝ ራስ ነበር። ሲነካ ምን እንደሚመስል ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ፤ ሞቃት ነበር፣ ለስላሳም ነበር።

"የቱን ጎን ልቀባህ?" አልኩት።

"ሁለቱንም" አለና ዓይኑን ጨፈነ።